የኋላው ግድግዳ

አሠልጣኝ ኢዶሳ ሰኞ ጠዋት ባኬ ጃማ ሰፈር ባለው የራኬትቦል አዳራሽ ውስጥ፣ ጭንቅላቱን በራኬት ጠርዝ ሦስት ጊዜ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። መከላከያ መነጽሩን እንዳጠለቀ ነበር። አዳራሹ ድሮ የቡና መጋዘን ነበር፤ አሁን የነቀምቴ ባለጊዜዎች ኳስ በራኬት ከግድግዳ እያላተሙ ቦርጫቸውን የሚያንሸራሽሩበት አራት ግድግዳ ነው።

ከሟቹ ሌላ ቁልፍ የነበራቸው ሦስት ናቸው፤ ዘበኛው ጋሼ አሻግሬ፣ ማለዳ ከሥራ በፊት የምትለማመደው ነርስ ፌኔትና የአዳራሹ ባለቤት ኦቦ በርናባስ። የጣቢያው አዛዥ ብዙ አልተጨነቀም። ከሦስቱ ድሃውን መርጦ አሰረ፤ መዝገቡም እስከ ስድስት ሰዓት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እንዲደርስ አዘዘ።

መርማሪ ሲና መዝገቡን አንብባ ዘጋችው። «እጅ ጽፎታል፤ ጭንቅላት ግን አልተገኘበትም» አለችና ወደ አዳራሹ ሄደች።

የፊት ለፊቱ ግድግዳ ቅዳሜ ኖራ ተቀብቶ፣ እንዲደርቅ ተብሎ አዳራሹ እሑድ ተዘግቶ ነበር። አሁን ግን ነጩ ላይ ሰማያዊዋ የጎማ ኳስ ያሳረፈችው ምልክት ተበትኗል። ሲና ጎንበስ ብላ መረመረች። አንዱም ከጉልበቷ በላይ አልወጣም።

«አካም ቡልቴ፣ ፌኔት?» ብላ በሩ ላይ የቆመችውን ነርስ ሰላም አለቻት። «ኳስ እንዲህ ዝቅ ብላ የምታርፈው ማን ሲመታት ነው?»

«የሚችል ሰው ነዋ! ‹እስከ ጉልበታችሁ ትውረድ፣ ከዚያ ምቱ› ይለን ነበር ኢዶሳ። እኛ ጀማሪዎቹ ደረታችን ጋ ስትደርስ እንቸኩልና የግድግዳውን አናትና ጣሪያውን እናስነካታለን።»

«መነጽሩስ?»

«ብቻውን ሲለማመድ አያደርገውም። ሰው ሲገጥም ብቻ ነው።»

ኦቦ በርናባስ አዲስ ቱታ ለብሶ፣ ራኬቱን እንደ መጥረጊያ ጨብጦ መጣ።

«ልጅቷ፣ ፖሊስ ነሽ ወይስ ስፖርት ተማሪ?»

«ሁለቱንም ያለ አስተማሪ ነው የተማርኩት። እርስዎስ ጨዋታውን መቼ ጀመሩ?»

«ወር አልሞላኝም። የኔ ኳስ ጣሪያ ስትስም ከተማው ሁሉ ስቋል።»

«በአዳራሹ ምረቃ ቀን ግን ከኢዶሳ ጋር ሊጋጠሙ ነበር አሉ።»

«ለሣቅ ነው እንጂ!»

አምስት ሰዓት ላይ ሲና ሁሉንም ሜዳው ላይ ሰበሰበች። አሻግሬ ካቴና እንደታሰረ መጣ።

«ልጄ፣ እኔ ራኬት የምነካው ስጠርግ ወድቆ ሳገኘው ነው። እመቤቴ ምስክሬ ናት።»

«ይቆዩ፣ ጋሼ።»

ለፌኔት ራኬት ሰጥታ ኳሷን በአናቷ ላይ ወደ ኋላው ግድግዳ ወረወረች። ፌኔት ተከትላ ሮጠች፤ ኳሷ ነጥራ ጆሮዋን ታካ አለፈች። አዛዡ ሣቀ።

«‹አትከተሏት፣ ራሷ ትመጣለች› ይለን ነበር» አለች ፌኔት አፍራ። «አውቀዋለሁ፤ እግሬ ነው እምቢ የሚለኝ።»

«ኦቦ በርናባስ፣ ያዙ!»

እሱ ሳያስበው ሌላ ኳስ በአናቱ ላይ በረረች። በርናባስ አልሮጠም። ትከሻውን አዙሮ ጠበቃት። ኳሷ ከኋላው ግድግዳ ተመለሰች፣ ወረደች፣ ጉልበቱ ጋ ስትደርስ መታት። ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ፣ ከቀድሞዎቹ ምልክቶች መሐል አረፈች።



«መነጽሩ ተጋጣሚ እንደነበረ ነገረኝ» አለች ሲና። «ግድግዳው ደግሞ ሁለቱም ተጫዋቾች የሚችሉ እንደነበሩ። ጀማሪ ቢኖርበት ኖሮ ላይኛው ኖራ ንጹሕ አይሆንም ነበር። ጋሼ አሻግሬ ራኬት አያውቅም፤ ፌኔት ኳስ ታሳድዳለች። እርስዎ ግን ይጠብቃሉ። ይህ የአንድ ወር እግር አይደለም።»

በርናባስ ራኬቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ዓመት ሙሉ... በድብቅ አሠልጥኖኛል።»

«በምረቃው ቀን ሕዝብ ፊት እንዲሸነፍልዎት ነዋ! በወሩ አሠልጣኙን የጣለ ጉድ ሊባሉ።»

«እሺ ብሎኝ ነበር! እሑድ ግን ‹አልሸነፍም፣ ችለህ አሸንፈኝ› አለኝ። አሥራ አምስት ለሁለት ረቶኝ ሣቀብኝ።»

ሲና ካቴናውን ከአሻግሬ ፈትታ በርናባስ እጅ ላይ ቆለፈችው። አዛዡ መዝገቡን ከብብቱ ሥር ይሸሽግ ጀመር።

በርናባስ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ፤ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበር።

«ግን... ቆንጆ ምት ነበረች፣ አይደል?»

«ኢዶሳ ቢኖር ይነግርዎት ነበር» አለች ሲና።