የረጋው አሲድ

የኬሚስትሪ አስተማሪው ዶክተር የሞተው ቀኝ መዳፉን የብረት ሳህኑ ላይ እንዳሳረፈ ነበር። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች የሚያሳየውን ሙከራ ጠዋት ብቻውን ሲለማመድ ነው። ሳህኑ ውስጥ አሲድ፣ አሲዱ ውስጥ ሁለት ሽቦ፤ ከላይ፣ ሊበራ የማይገባው አምፖል ቦግ ብሏል።

መርማሪዋ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠይቅ ውላ ያተረፈችው ትምህርት ብቻ ነው። ገዳይ ፍለጋ መጥታ ፈተና ልትቀመጥ ምንም አልቀራት። በዚያ ላይ አለቃዋ ደውሎ፣ «የሟቹ ረዳት ከእሱ ጋር ተጣልታ ነበር፤ እስከ ስድስት ሰዓት ክሰሻት» ብሏታል።

«ተጣልተሽ ነበር?»

«ከእሳቸው ጋር ያልተጣላ ማን አለ?» አለች ረዳቷ፤ ዓይኗ አብጧል። «ጥናቴን ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። ግን አልገደልኳቸውም!»

«አምፖሉ ለምን በራ?»

«ንጹሕ የኮምጣጤ አሲድ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ውሃ ሲገባበት ነው ሞለኪውሎቹ ተከፋፍለው አዮን የሚባሉ ቅንጣቶች የሚሆኑት፤ ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት አዮኖቹ ናቸው። ዶክተሩ መጀመሪያ ሳህኑን ነክተው ኤሌክትሪኩን ይለቁና ‹አያችሁ?› ይላሉ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ውሃ ይጨምራሉ።»

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሰዓቱን እያየ፣ «አሲዱ የሚቀመጥበት ክፍል ቁልፍ ያለን ሦስት ነን» አለ። «እኔ፣ እሷና የዕቃ ቤቱ ሽማግሌ። እኔን ከጠረጠሩኝ ደግሞ፣ ወንበሬን የሚመኘው ዶክተሩ ነበር እንጂ እኔ የእሱን አልነበረም።»

መርማሪዋ ሽማግሌውን ስለ ቁልፉ ጠይቃው ነበር። «ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም» አላት፤ እውነቱን ነው።

ተስፋ ቆርጣ ዕቃ ቤት ገባች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያልተከፈተ የአሲድ ጠርሙስ አንስታ ዘነበለችው፤ ውስጡ ንቅንቅ አላለም። እንደ በረዶ ረግቷል። በዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው አሲድ ግን፣ ላቦራቶሪው እንዲሁ ቢበርድም፣ ዛሬም ይፈሳል።

ሦስቱንም ሰብስባ የረጋውን ጠርሙስ ፊታቸው አኖረችው። «ተበላሽቷል መሰለኝ። እስቲ አስተካክሉልኝ።»

«ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆም ነው» አለ ኃላፊው። ረዳቷም ሳፋ ልታመጣ ተነሣች። ሽማግሌው ግን ቀደማት። ክዳኑን ከፈተና ከያዘው የሻይ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረበት።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች ረዳቷ።

መርማሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። «ንጹሑ አሲድ በዚህ ብርድ ይረጋል። ዶክተሩ የተጠቀሙበት አልረጋም፤ ውሃ ገብቶበታል፤ ስለዚህ ሳህኑን እንደነኩ ኤሌክትሪኩ አልፎ ያዛቸው። እናንተ ሁለታችሁ ጠርሙሱን ውጪውን ታሞቃላችሁ እንጂ ውስጡ ውሃ አትጨምሩም። ጋሼ፣ የዶክተሩንም እንዲህ ነው ያደረጉት?»

«ረግቶ ሳገኘው በእኔ እጅ የተበላሸ መስሎኝ…» ፊቱ አመድ መሰለ። «ወደ ነበረበት ሲመለስ ደስ አለኝ እኮ።»

«ምነው ጋሼ፣ ሳይጠይቁ?» አለች ረዳቷ።

«ማንን? እሳቸውን አንድ ቀን ብጠይቅ ‹አንተ ጠርሙስ አቀብል› አሉኝ። አንቺን ረግቶ ያገኘሁት ዕለት ማታ ጠየቅሁሽ፤ ‹አሁን አይደለም ጋሼ› አልሽኝ።»

ረዳቷ ፔርሙዙን ከእጁ ተቀበለችው።

ስልኩ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። «ረዳቷ ነፃ ናት፤ አሲዱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው» አለች መርማሪዋ።

«ገዳዩስ ማነው ታዲያ? የምን ውሃ ነው የምታወሪው?»

ሽማግሌው፣ እንዳይበላሽ፣ የጠርሙሱን ክዳን ያጠብቅ ነበር። «አሁን አይደለም» የሚለው ቃል መርማሪዋ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከአምፖሉ ጀምራ ለአለቃዋ ማስረዳት ያዘች።