የአቶ ከፈለኝ አፍንጫ

ቆንጅት ገበያተኛውን በክርኗ እየገፋች መጥታ ለጓደኛዋ ለሙሉካ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። የቡና ማጠቢያው ግምጃ ቤት ኃላፊ አቶ ከፈለኝ ቆጮ ፍለጋ ወደ እነሱ እየመጡ ነው። ለጃንሆይ የዘውድ በዓል የቡና ለቃሚዎች ድግስ አለ፤ የሚገዙትም በጅምላ ነው።

ሙሉካ የቆጮውን ጥቅል ወደ ፊት ሳበች። የእናቷ ቆጮ ዲላ ገበያ ወጥቶ ሲመለስ ሰንብቷል። ገዢው ሁሉ ቆንጥሮ ያሸታል፤ ፊቱን አጨማዶ ከቡሌ ቆጮ ይዘው የመጡት ሴቶች ወደተቀመጡበት ያልፋል። ማጠቢያው ከመንደራቸው በላይ ከተተከለ ወዲህ የቡናው ልጣጭ እጣቢ ማታ ማታ ወንዙ ውስጥ ይለቀቃል። ጠዋት ግን ውኃው ጠርቶ ይታያል፤ እናቷም እንደ ጥንቱ ማለዳ ቀድታ ቆጮውን አሸችበት፤ የልጣጩ ሽታ ግን ቆጮው ውስጥ ቀረ። ያ ወንዝ እኮ መንገደኛ ተደፍቶ የሚጠጣው ነበር። ዛሬም ካልተሸጠ አባቷ ያለቻቸውን አንዲት ጊደር ሊሸጧት ነው።

አቶ ከፈለኝ ደረሱ። ኮባውን ገለጥ አድርገው ቆነጠሩ፤ አሸተቱ። ሁለቱ ልጆች ፊታቸው ይጨማደድ እንደሆነ ጠበቁ።

«ግሩም ነው፤ ሁሉንም እወስደዋለሁ» አሉ።

ቆንጅት ደስታዋን መቻል አቅቷት የሙሉካን ክንድ ጨመቀችው። ሙሉካ ግን ወደ አቶ ከፈለኝ ጠጋ ስትል አንድ ነገር ገባት። ኮታቸው ራሱ ያንኑ የኮመጠጠ ልጣጭ ይሸታል። ውለው የሚያድሩት እዚያው ማጠቢያው ግቢ ነው፤ አፍንጫቸው ለምዶታል።

«ጋሼ፣ ሌላ ነገር አልሸተተዎትም?»

«ምን ይሸተኛል?»

ቆንጅት እግሯን ረገጠቻት። «ዝም በይ እንጂ፣ አንቺ ፋራ።»

ሙሉካ ለቃሚዎቹን አሰበች። አብዛኞቹ ጎረቤቶቿ ናቸው፤ በመጀመሪያው ጉርሻ ይተፉታል። ከዚያ ወዲያ የእናቷን ቆጮ ማን ይነካዋል? ድግሱን የሚደግሰው ማን እንደሆነ ጠየቀች። አቶ ከፈለኝ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ የማጠቢያው ባለቤት ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መምጣታቸውንና አሁንም ማጠቢያው ግቢ እንዳሉ ነገሯት።

«መቼ ገቡ?»

«ትናንት ማታ። ምነው?»

ሙሉካ ነገሩን አወጣች አወረደች። ትናንት የገባ ሰው አፍንጫው ገና ደህና ነው፤ ማጠቢያው ወንዛቸውን ምን እንዳደረገው ይሸተዋል። ጥቅሉን መልሳ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«መጀመሪያ እሳቸው ያሽቱት፤ ከዚያ ከፈለጉ ይግዙኝ» አለች።

አቶ ከፈለኝ ሳቃቸውን ለቀቁት። ቆንጅት አልሳቀችም።

«አብደሻል? ጊደሯስ?»

«ጊደሯም የምትጠጣው ከዚያው ወንዝ ነው» አለችና ጎንበስ ብላ የጥቅሉን አንድ ጫፍ ጨበጠች። «በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

ቆንጅት እያጉረመረመች ያዘችላት። ሁለቱም የማጠቢያውን ዳገት ጀመሩ።