የእሑድ ጠዋቱ ጩኸት

ሟቹ ሰው አልነበረም። ከየካ በላይ፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ አንድ ዲሽ ከሰማይ የሚለቅመው ስስ ድምፅ ነበር። እሑድ ጠዋት በመጣ ቁጥር አንዳች ጩኸት ድራሹን ያጠፋዋል።

የሰማይን ድምፅ በዲሹ የሚያጠናው የሬዲዮ ክበብ መሪ፣ ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ጋሽ ተክሌ፣ ገዳዩን አውቄዋለሁ ባይ ነበሩ። ከቁልቁለቱ ሥር ያለው የቸርቹ ገመድ አልባ ማይክ ነው! የምትይዘውም የክበቡ አባል፣ ዘማሪዋ ወንጌል ናት። ባለፈው ወር ቸርቹ ድረስ ወርደው ጉባኤው መሐል ገብተው «ይቺ ልጅ ሆን ብላ ሥራችንን ታበላሻለች!» ብለው ጮኹባት፤ ከክበቡም አባረሯት። የሬዲዮ መሐንዲሷን ቢፍቱን የጠሩትም ለማስመርመር ሳይሆን ለማስፈረድ ነበር።

በዚህ እሑድ ጠዋት በክበቡ ክፍል ሳሉ፣ ታች መዝሙር ሲጀመር ከዲሹ ጋር የተያያዘው መቀበያ ጮኸ።

«ይኸው! ሰማሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ ተክሌ።

ቢፍቱ ወንጌልን አስጠራቻት። ልጅቷ ማይኩን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ካባረሩኝ ወዲህ አላበራሁትም።»

«ታዲያ ታች ምን በርቷል?»

«ኪቦርዱና ትልልቆቹ ስፒከሮች። ሲበሩ የሰፈሩ መብራት ይደክማል።»

ቢፍቱ የደበዘዘውን አምፖል አየች። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ይሰማል።

«እዚህ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ስታብላይዘር ነዋ! መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ዕቃችን እንዳይቃጠል ከቤቴ ያመጣሁት። ጠቅጠቅታው ሲያሰለቸኝ ሸፈንኩት።»

ቢፍቱ አባላቱን ሁሉ ሰበሰበች።

«ማይኩ አልበራም፤ ጩኸቱ ግን አለ። ስለዚህ ማይኩ ነጻ ነው። ስፒከሮቹ መብራቱን ሲያወርዱት ይሄ ስታብላይዘር ለማስተካከል ይታገላል። ሲታገል ውስጡ ብልጭ ይላል። ዲሹ የሚሰማው ያንን ነው።»

መቀበያውን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝታ ስታብላይዘሩን ነቀለችው። ታች መዝሙሩ ቀጥሏል፤ ጩኸቱ ግን ጸጥ አለ። መልሳ ስትሰካው ጮኸ።

ማንም ቀና ብሎ ጋሽ ተክሌን አላያቸውም። እሳቸውም መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። ወንጌል ገና በመጀመሪያው ቀን «ቲቸር፣ ከእኛው ዕቃ ይሆን?» ብላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን «የቸርችሽን ጥፋት በእኛ አታላክኪ» ብለው አፏን ዘጉት።

«ወንጌልዬ፣ አፉ በይኝ።»

«እኔስ አፉ ብያለሁ» አለች አቀርቅራ። «ታች ያሉት ግን ሲያዩኝ ይንሾካሾካሉ። እናቴም ከፊት ወንበር መቀመጥ ትታለች።»

ጋሽ ተክሌ ኮታቸውን ቆለፉ።

«የማይኩ ባትሪ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ነይ፣ እንውረድ።»

ያን ቀን እየጮኹ በገቡበት በር ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ። ባትሪ የገባለትን ማይክ አብርተው ያዙ። ከመጨረሻው ወንበር የወንጌልን እናት ፈልገው አገኟቸው።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።