በመርከቡ ላይ ሮብሌ ይሉታል

«ሰባተኛው ፎቅ ላይ ክፍል ከደረሳችሁ ሮብሌን ጠይቁ» ይላል ጽሑፉ። «መነጽራችሁን አልጋው ላይ ትታችሁ ውጡ። ስትመለሱ ከፎጣ የተሠራ ግመል አድርጎት ታገኛላችሁ።»

ኒምኮ ይህችን ጽሑፍ አሥር ጊዜ ሳታነባት አልቀረችም። ግን አዲሱ ገጽ እስኪከፈት ድረስ ሌላ የምታየው ነገር አልነበራትም። የጅግጅጋ ኔትወርክ ሐሙስ ከሰዓት ሲሆን ምን እንደሚይዘው እንጃ። በእትዬ ዘርፈሽ ኢንተርኔት ቤት ካሉት ስድስት ኮምፒውተሮች ደግሞ ደህና የሚባለው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እሱም አንዳንዴ ያኮርፋል።

ገጹ በመዝናኛ መርከብ የሚጓዙ ፈረንጆች የሚጨዋወቱበት ነው። መርከቡ ባሕር ላይ የሚሄድ ሆቴል በሉት፤ ሰዎቹ ለሁለት ሳምንት ይሳፈሩና ከወደብ ወደብ እየዞሩ ይበላሉ፣ ይዋኛሉ፣ ይተኛሉ። ከመሳፈራቸው በፊት እዚህ ገጽ ላይ ይጠያየቃሉ። ከወረዱ በኋላ ደግሞ ያዩትን ይጽፋሉ። የትኛው ክፍል የሞተር ድምፅ ይረብሸዋል፣ ቁርስ ስንት ሰዓት ላይ ሰልፍ የለውም፣ የየትኛው ወደብ ታክሲ ያታልላል፤ የማይጽፉት ነገር የለም። አንዲት ሴትዮ ስለ ቀዘቀዘ ሾርባ ሦስት ገጽ ጽፋ ነበር። ኒምኮ ሦስቱንም ገጽ አንብባዋለች፤ በመሃል ስለ ወንድሟ አንድ ነገር ጣል ታደርግ ይሆናል ብላ።

ወንድሟ ባሺር ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በዚያ መርከብ ላይ ከተቀጠረ ዓመት አልፎታል። ክፍል ያጸዳል፣ አንሶላ ይቀይራል፣ ፎጣ እያጠፈ የእንስሳ ቅርጽ ይሠራል። ሌሎቹ ሠራተኞች ዳክዬና ዝንጀሮ ይሠራሉ። ባሺር ግን ግመል ብቻ። ፈረንጆቹ በግመሉ ተደስተው ሊሞቱ ነው። ፎቶውን ይለጥፋሉ፤ ቀጥሎ የሚሳፈረው ሰው ደግሞ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ግመሉን አውቆት፣ ልጁንም ወዶት ይመጣል። ባሺር በሰሜን ባሕር ላይ ብርድ እንዳንቀጠቀጠው አንዱ ቢጽፍ፣ ማርጋሬት የምትባል አሮጊት የሱፍ ኮፍያ በእጇ ሠርታ፣ በሻንጣዋ ይዛለት መጣች። ይህን ሁሉ ባሺር ነግሯቸው አያውቅም። በወር አንዴ ይደውልና «ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ይላል፤ ወዲያው መስመሩ ይቋረጣል። ኒምኮና እናቷ ባሺር እንዴት እንደሚኖር የሚያውቁት ከማያውቋቸው ሰዎች ነው።

የስሙ ነገር ግን አለ። ባሺር ሲቀጠር በዚያው ፎቅ ላይ ሌላ ባሺር ነበረ። ስለዚህ ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ባጅ ላይ የአባቱን ስም ጻፉበት። ፈረንጆች ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም ይመስላቸዋል፤ መዝገቡም፣ አለቆቹም፣ ተሳፋሪዎቹም ሮብሌ እያሉ ጠሩት። «አባባ ስንት አገር ዞረ መሰለሽ» ብሎ ሳቀ ባሺር በስልክ። «ለሆዮ ልንገራት?» አለችው ኒምኮ። ሆዮ በሱማልኛ እናት ማለት ነው። ባሺር ሳቁን ገታና «ተዪው ባክሽ፣ ታለቅሳለች» አላት።

እውነቱን ነው። አባታቸው ሮብሌ ሹፌር ነበር። ከሐርተሼክ ሲመለስ መኪናው ከተገለበጠ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እናታቸው ካልቱን ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙን በአፏ ጠርታው አታውቅም፤ «አባታችሁ» ነው የምትለው። ስለዚህ ኒምኮ በየሐሙሱ ለእናቷ ልታነብላት የፈረንጆቹን ጽሑፍ ወደ ሱማልኛ እየመለሰች ደብተሯ ላይ ስትገለብጥ፣ ሮብሌ የሚለውን ሁሉ ባሺር እያለች ትጽፋለች። ይህ ውሸት ይሁን አይሁን አስባበት አታውቅም።

ገጹ ተከፈተ። ከላይ የማርጋሬት ስም አለ። ኒምኮ ፈገግ ብላ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች።

«ውድ ጓደኞች፣ ትናንት ከመርከቡ ወረድኩ። ለሮብሌ ካልሲ ሠርቼለት ነበር፤ ባለፈው ኮፍያውን ስሰጠው ‹ከራሴ ይልቅ እግሬን ነው የሚበርደኝ› ብሎ አስቆኝ ስለነበር። ክፍላችን ስንደርስ የተቀበለን ሌላ ልጅ ነው። ሮብሌ የት ሄደ ብዬ ስጠይቀው አቀረቀረ። ኋላ አለቃቸው ነገረችን። ከአምስት ሳምንት በፊት ሳንባው ታሞ፣ ወደብ ላይ ሆስፒታል አውርደውት ነበር። ለሁለት ሳምንት ታክሞ እዚያው ዐረፈ። ካልሲውን ይዤ ተመለስኩ።»

ከሥሩ አሥራ አንድ ሰው ጽፏል። አንዱ የግመሉን ፎቶ ለጥፎ «ነፍስህ በሰላም ትረፍ፣ ሮብሌ» ብሏል። ግመሉ የአንድ ሰው ጥቁር መነጽር አድርጓል።

ኒምኮ መጀመሪያ ሌላ ሮብሌ ይኖራል ብላ አሰበች። በሱማሌ ስንት ሮብሌ አለ። ከዚያ ግመሉን ደግማ አየችው። ባሺር ልጅ እያለ በእናቱ ጋርባሳር፣ በዚያ ስስ ሻሽ፣ ያንኑ ግመል ለኒምኮ ይሠራላት ነበር፤ አንገቱ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል። ይህኛውም ወደ ግራ አዘንብሏል።

«ኒምኮ፣ ሰዓትሽ አልቋል» አለች እትዬ ዘርፈሽ ከወንበሯ። ኒምኮ አልነሣ ስትል ራሷ ተነሥታ መጣች። «ምን ሆንሽ? ፊትሽ ዐመድ መስሏል እኮ።»

«ምንም። ራሴን አሞኝ ነው፣ እትዬ።»

ዘርፈሽ አላመነቻትም፤ ግን ኮምፒውተሩን አልዘጋችባትም። ኒምኮ ጽሑፉን በእንግሊዝኛው እንዳለ ገለበጠችው። ሮብሌ ላይ ስትደርስ እጇ ባሺር ሊል ዳዳው። ከዚያ ሮብሌ ብላ ጻፈች።

እናቷ ገበያ ውስጥ ዲራ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስና ጋርባሳር ትሸጣለች። ሐሙስ የዐስር ሶላት ካለቀ በኋላ፣ በተንጠለጠሉት ቀሚሶች መሃል ለኒምኮ በርጩማ ይዘጋጃል። የጎረቤቱ ሱቅ ባለቤት ዐምራንም የራሷን ደንበኛ ትታ መጥታ ትቀመጣለች። ኒምኮ በአቧራው ውስጥ ስትሄድ፣ ምን እንደምትል ሳትወስን ሱቁ ደረሰች። መንገዱ እንደዚያን ቀን አጥሮባት አያውቅም።

«ፈረንጆቻችን ምን አሉ?» አለች ዐምራን ገና ከሩቅ።

ኒምኮ ተቀመጠች። ደብተሩን ገለጠች። እናቷ ቀሚስ እያጠፈች ነበር፤ ጆሮዋ ግን ደብተሩ ላይ ነው። ልጇ ለመደወል አሥር ቀን ዘግይቶባታል፤ ሌሊት እንደማትተኛም ኒምኮ ታውቃለች።

«ማርጋሬት...» አለች ኒምኮ። «ማርጋሬት ለባሺር ካልሲ ሠርታለት ሄዳለች።»

ካልቱን ቀሚሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ካልሲ? እግሩን እንደሚበርደው ማን ነገራት? ከልጅነቱ ጀምሮ እኮ ነው፤ ዐምራን፣ ያኔ እግሩን በእጄ ካላሞቅሁለት አይተኛም ነበር።»

«እሱ ራሱ ነው የነገራት።»

«ታዲያ ምን አለ? ወደደው?»

«ወደደው» አለች ኒምኮ።

ቃሉ ከአፏ ወጣ፤ ሊመለስ አይችልም። እናቷ ሳቀች። ከአሥር ቀን በኋላ የሳቀችው ዛሬ ነው። «አላህ ይስጣት። ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ያ ሰውዬ ነው ያስጨነቀኝ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ከጅቡቲ የደወለው ነዋ። አልነገርኩሽም? አንቺ ለፈተና ስታጠኚ ነበር።» ካልቱን ቀሚሱን አንስታ ማጠፍ ቀጠለች። «የአባታችሁን ስም ጠርቶ ‹የእሱ ቤት ነው?› አለኝ። ነው አልኩት። ‹ወደ አኼራ ሄዷል፣ አላህ ሶብር ይስጣችሁ› አይለኝም? ‹ወንድሜ፣ ዘገየህ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል› ብዬው ዘጋሁት። የአባታችሁ የጥንት ወዳጅ ይሆናል፤ መሞቱን ገና መስማቱ ነው።»

«ምስኪን» አለች ዐምራን።

«ምስኪን ነው፤ ግን ነገር አይገባውም። ሦስት ጊዜ መልሶ ደወለ። ትናንትም ደውሏል። አላነሳሁለትም። የዳነ ቁስሌን ለምን ይነካካብኛል?»

ኒምኮ ደብተሩን ዘጋች። አንዲት ቃል ናት። ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ የለወጠቻት አንዲት ቃል። ያቺን ቃል እንደተጻፈች አንብባት ቢሆን ኖሮ እናቷ ስልኩን አትዘጋውም ነበር። ሰውዬው ልጇ የት እንደተቀበረ፣ ማን እንደሰገደበት ይነግራት ነበር።

ዝም ማለትም ይቻላል። ይህም ታያት። ሰውዬው ይሰለቻል፣ መደወሉን ያቆማል። እሷ በየሐሙሱ እየፈጠረች ታነባለች፤ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ግመል። እናቷ ትስቃለች። ባሺርም የማይደውል፣ ግን በሕይወት ያለ ሩቅ ልጅ ሆኖ ይቀጥላል። ስንት ሐሙስ እንደዚያ ማለፍ ይቻላል?

«ሆዮ» አለች፣ «መጋረጃውን እናውርደው።»

«ምን ነካሽ፣ ሆዮ? ገበያው ገና ሞቅ ማለቱ ነው።» ካልቱን ልጇንም መልሳ ሆዮ ነው የምትላት፤ እዚያ አገር እናቶች ለልጆቻቸው የሚሰጡት የራሳቸውን ስም ነው።

«አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ባሺርም ያውቃል። እንዳታለቅሺ ብለን ነው።»

እናቷ እጇን አቆመች።

«በመርከቡ ላይ ባሺርን ባሺር አይሉትም። ባጁ ላይ የጻፉት የአባባን ስም ነው። በመርከቡ ላይ ሮብሌ ይሉታል።»

መጀመሪያ የካልቱን ፊት ላይ ፈገግታ ሊመጣ ነበር። ኒምኮ ይህን አይታለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። «አባታችሁን?» አለች እናቷ በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ዐይኗ ወደ ስልኩ ሄደ። ስልኩ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ዐምራን ሁሉም ገብቷት አፏን በሻሿ ሸፈነች።

«ካልሲውን ወደደው አልሽኝ» አለች ካልቱን።

«አልደረሰለትም፣ ሆዮ።»

እናቷ አልጮኸችም። ጭኗ ላይ ያለውን ቀሚስ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈችው፤ እንደገና ፈታችው። «ለምን ደበቅሽኝ?» አለች።

«ታለቅሳለች ብለን።»

«አሁንስ?»

እናቷ ስልኩን አነሳችና ሰጠቻት። «ደውዪለት። እኔ ስልኩን ዘጋሁበት፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ።»

ሰውዬው ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። ደግ ሰው ነው። ከመርከቡ ድርጅት ጋር የሚሠራ ደላላ መሆኑን፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ሮብሌ ብቻ መሆኑን ነገራት። ባሺር ወደቡ አጠገብ ባለ የሙስሊም መቃብር ተቀብሯል። የሰገዱበት አራት የመርከቡ ልጆች ናቸው። ከዕቃው መሃል አንድ የሱፍ ኮፍያ አለ፤ በሰው ይልኩላቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደራሹ ሲቀል ካልቱን ኒምኮን አጠገቧ አስቀመጠቻት። ዐይኗ አብጧል። «ደብተሩን አምጪ» አለቻት። «ከመጀመሪያው ገጽ አንብቢልኝ። እንደጻፉት።»

ኒምኮ ደብተሩ ላይ ባሺር ያለችውን ሁሉ መልሳ ሮብሌ እያለች አነበበች። ሮብሌ ባለች ቁጥር እናቷ ዐይኗን ትጨፍናለች፤ ግን አቁሚ አላለቻትም። የመጨረሻው ገጽ ሲያልቅ «ለማን ነው የጸለዩት?» ብላ ጠየቀች።

«ለሮብሌ።»

«አባታችሁ ዱዓው ደርሶታል፤ ደግ አደረጉ። ግን የልጄን ስም ማንም አላነሳውም።» ካልቱን አፍንጫዋን ጠረገች። «አንቺ እኮ ሁልጊዜ ታነቢያቸዋለሽ፤ አንድ ቀን ጽፈሽላቸው ታውቂያለሽ?»

ኒምኮ ጽፋላቸው አታውቅም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ እትዬ ዘርፈሽ ጋ ሄደች። ዘርፈሽ ወሬውን ሰምታለች፤ ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠውን ጎረምሳ አስነሳችላት። ገጹ ለመጻፍ መመዝገብ ይጠይቃል። ስም የሚለው ላይ ኒምኮ ብላ ሞላች። የቤተሰብ ስም የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን ለአፍታ አንስታ ቆየች፤ ከዚያ ሮብሌ ብላ ጻፈች። ሌላ የምትጽፈው ስም የላትም።

እንግሊዝኛዋ በዚያ ቀን አልታዘዝ አላት። ሁለት ጊዜ ጽፋ አጠፋች። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ላከችው፦

«እኔ እህቱ ነኝ። የምጽፈው ከጅግጅጋ ነው። ሮብሌ የአባታችን ስም ነው። የእሱ ስም ባሺር ነበር። ብትጸልዩለት ባሺር ብላችሁ ጥሩት። ማርጋሬት፣ ስለ ካልሲው እናታችን አመሰግናለሁ ብላለች። እውነትሽን ነው፤ እግሩን ይበርደው ነበር።»