ግድግዳ መንካት የሌለባቸው ቅንጣቶች

«በትምህርት ቤታችን በር ቦምብ ሊያልፍ ነው!»

ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ክፍሉን አተራመሰው። የለቀቀችው «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅ ናት፤ ስሙ የወጣላት ወሬ ስለማያድርባት ነው። «ዝምታ» የሚሏት የቅርብ ጓደኛዋ ድምፁን ስትሰማ ፊቷ ጋለ። ቦምብ የተባለው የዝምታ እናት የምታጅበው ሳጥን ነበር።

«እኔ እንዲህ ብዬሻለሁ?» አለቻት፣ ሬዲዮን ወደ ኮሪደሩ ጎትታ አውጥታ።

«‹ግድግዳ ከነኩ ይጠፋሉ› አላልሽም? ያው ፈነዳ ማለት አይደል?»

«የሚጠፉትማ እነሱ ናቸው፤ እኛ አይደለንም!»

እናቷ የፊዚክስ ተመራማሪ ናት። ፀረ-ቁስ የሚባሉ ቅንጣቶችን አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ በማግኔትና በኤሌክትሪክ አንሳፍፋ ለመያዝ ዓመታት ለፍታለች። ተራ ቁስ ከነኩ ወዲያው ይጠፋሉ። በተሠሩበት ላቦራቶሪ ደግሞ የትልልቆቹ ማሽኖች ማግኔት ቅንጣቶቹን የመለካቱን ሥራ ይረብሻል። ስለዚህ ዛሬ በጭነት መኪና ወደ ሌላ፣ ጸጥ ወዳለ ላቦራቶሪ ይጓዛሉ። እስኪደርሱ የሳጥኑ ማቀዝቀዣ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ካልቀዘቀዘ ማግኔቱ ቅንጣቶቹን መያዝ አይችልም።

ወደ ክፍል ሲመለሱ የክፍል አለቃው ወንበር ላይ ወጣ። «በእረፍት ሰዓት መንገዱን እንዘጋለን! የማይመጣ ፈሪ ነው!»

ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። ዝምታ ግን ያሰበችው ባትሪውን ነበር። መኪናው ከቆመ ያልቃል፤ ካለቀ የእናቷን ልፋት ውሃ በላው።

«ቪዲዮውን ላጥፋው?» አለች ሬዲዮ ደንግጣ። «እናቴን! እንዲህ የሚሆን አልመሰለኝም።»

«አሁን ብታጠፊው ምን ዋጋ አለው? ሌላ ቅረጪ። እኔ እናገራለሁ።»

«አንቺ? ስምሽ ሲጠራ ‹አቤት› ማለት የሚጨንቅሽ ልጅ?»

«ቅረጪ አልኩሽ።»

ሬዲዮ ስልኳን ስታነሳ ዝምታ ሰሌዳው ፊት ቆመች። «ቦምብ አይደለም። ቅንጣቶቹ ሁሉም ባንዴ ቢጠፉ እንኳ አንዲት ጠብታ ውሃ አያሞቁም።»

«እንዲህ የምትዪው እናትሽ ስለሆነች ነው!» አለ አለቃው።

«አዎ፣ እናቴ ናት። ሳጥኑ አጠገብ ነው የተቀመጠችው።»

«ታዲያ ምን ያደርጉልናል?» አለች አንዷ ከኋላ።

«ዓለም ለምን ከቁስ ብቻ እንደተሠራ እስካሁን የሚያውቅ የለም። እነዚህ ከእኛ ቅንጣቶች የጸጉር ስንጣቂ ታህል ይለዩ እንደሆነ እናቴ ልትለካ ነው።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። የእረፍት ደወል ሲደወል ግን ጥቂቶች ብቻ አለቃውን ተከትለው ወጡ። ዝምታም ተከተለቻቸው። የሞተር ድምፅ ሲቃረብ የቀሩት አንድ በአንድ ወደ ዳር ሸሹና አለቃው ብቻውን መሀል መንገድ ቀረ።

ዝምታ ወደ እሱ ሄዳ ክንዱን ያዘችው። «ና፣ ዳር እንቁም። ቦምብ ከሆነ እኔም አልሄድም፤ እዚሁ አብሬህ ነኝ።»

አያት፤ መኪናውንም አየ። ከዚያ አብሯት ወደ ዳር ወጣ።

መኪናው እንቁላል የጫነ ይመስል ሳይቆም ቀስ ብሎ ማለፍ ጀመረ። ሁለቱም ከቆሙበት አልተነቃነቁም።