የጀማ ጀልባና የቀትሩ ጥሪ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ ይህን መጀመሪያ እወቁልኝ። ሞላሌ አክስቶቼ ዘንድ ሳለሁ እገሌን ቡዳ በላው፣ እገሊትን ጋኔን ጠለፋት ሲባል፣ እኔ ጥግ ይዤ አፌን በነጠላዬ ጫፍ አፍኜ ስስቅ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ ያሳጣኝ ነበር፣ ምን ላድርግ፣ የሞተረኛ ልጅ ነኛ! አባባ ምጽዋ ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው፣ ምክንያት የሌለው ብልሽት የለም፣ ምክንያቱ ገና ያልተገኘ ብልሽት ነው ያለው ይላል፣ እኔም ይህንኑ እንደ ዳዊት ደግሜ ነው ያደግሁት። እንግዲህ አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም፣ በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም እስቅ ነበር።

ያን ጊዜ እኛ በነበርንበት በኩል ጀማ ላይ ድልድይ አልነበረም። የድልድዩን ቦታ የሚለኩት ሰዎች ከወንዙ ወዲህ ማዶ ድንኳን ተክለው ሰፍረው ነበር፣ ወንዙ ሰፍቶ እንደ ሐይቅ በሚተኛበት ቦታ የሚሻገሩባት አንዲት የብረት ጀልባ ነበረቻቸው፣ ሞተሯ ከኋላዋ የሚንጠለጠል፣ አባባ የተቀጠረው ለእሷ ነው። እኛም ከሞላሌ ብርድ ተነቅለን ቆላ ወረድን፣ ሙቀቱ፣ ትንኙ፣ ከአሸዋው ላይ ተዘርሮ ፀሐይ የሚሞቀው አዞ፣ ሁሉም አዲስ ሆነብን። አገሬው ጀልባዋን መጀመሪያ ሲፈራት ቆየ፣ ኋላ ግን ለመዳትና ወደ ዓለም ከተማ ገበያ የሚወጣው ሁሉ አባባን ጋሼ፣ ወንድሜ፣ ጌታዬ እያለ መለማመጥ ጀመረ።

ነገሩ የሆነው ከመስቀል በኋላ ነው፣ ጎርፉ ጎደል ብሎ ውሃው ግን ገና ጭቃ እንደመሰለ። እማማን ወባ ጣላት። ብርዱ ሲነሳባት በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበንላት ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ ሲለቃት ደግሞ እንደ ምጣድ ትግላለች፣ በመጨረሻ ሰውም መለየት አቃታት፣ እኔን በሟች እህቷ ስም ትጠራኝ ጀመር። ካምፑ ውስጥ የነበረው ክኒን አልቋል። የቀረን ዓለም ከተማ ያለው ክሊኒክ ብቻ ነው፣ እዚያ የሚያወጣን ደግሞ ለካምፑ ስንቅ የሚያመጣው የጭነት መኪና ነው፣ እሱም በሳምንት አንዴ ከወዲያ ማዶ ወርዶ ዕቃውን ያራግፍና ዝናብ ዳገቱን ሳያበላሽበት ይመለሳል። ሹፌሩ የሚሻገር ሰው እንዳለ የሚያውቀው በጀልባዋ ክላክስ ነው፣ ክላክስ ከሰማ ይጠብቃል፣ ካልሰማ ይሄዳል፣ ደንቡ ይኸው ነው። እማማ ደግሞ ሌላ ሳምንት አትቆይም፣ ይህን ማንም አፍ አውጥቶ ባይናገረውም ሁላችንም አውቀነዋል።

በዚያን ዕለት፣ ከቀን ሁሉ መርጦ፣ ክላክሱ ድምፁን አጠፋ።

አባባ ከማለዳ ጀምሮ ጎንበስ እንዳለ ነው። የባትሪው ራስ ላይ አረንጓዴ ዝገት አብቦ አገኘና በቢላ ፋቀው፣ ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው፣ አይጥ የበላው ሽቦ አገኘና በፒንሳ ቀጠለው፣ ከዚያ የጀልባዋ መብራት በራ፣ ክላክሱ ግን እንደ ድንጋይ ዝም። ሲመረው ሁለቱንም ሽቦዎች ከባትሪው ነቀላቸው፣ በጀልባዋ ወለል ውሃ ስላለ እንዳይነካካ ነው፣ ሞተሩ እንደሆነ በገመድ ተስቦ ስለሚነሳ ባትሪ አይፈልግም። ሽቦዎቹን ውሃ እንዳይነካቸው ከፍ አድርጌ እንድይዝ ለእኔ ሰጠኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ሁለቱም ጫፎች በግራ እጄ ውስጥ ነበሩ።

አብረውን የሚሻገሩት ጋሽ ሰይድ ነበሩ፣ የዓለም ከተማ በርበሬ ነጋዴ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። በቅሎዬ ብትሆን እስካሁን ተሻግራ ገብሷን ትቆረጥም ነበር እያሉ በአባባ ሞተር ሲቀልዱ አረፈዱ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ግን ቀልዱን ተዉት። ትንሽ ቢቆይ ይሻላል አሉ፣ ቀትር ለቀትር ውሃ ላይ አይወጣም፣ ጀማ ደግሞ በዚህ ሰዓት ሰው ይጠራል። አገሬው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፣ በቀትር ወንዝ ላይ ስምህ ቢጠራ እስከ ሦስተኛው ድረስ አቤት አይባልም፣ የጠራህ ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራሃል፣ ያኛው ግን ከሁለት አያልፍም፣ አቤት ያልከው እንደሆነ የእሱ ነህ። አባባ መኪናው አይጠብቀንም ብቻ አለና እማማን አቅፎ ወደ ጀልባዋ አገባት። እኔ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜም ሳቄ መጥቶ ነበር።

ተነሣን። ሞተሩ በጎኑ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ውሃ ይተፋል፣ አባባ ምራቁ ይለዋል፣ ከወንዙ ስቦ ሆዱን ካቀዘቀዘበት በኋላ የሚተፋው ማለት ነው፣ ምራቁ ከደረቀ ሞተሩ ጋለ፣ ከጋለ ደግሞ ተቃጥሎ ይቀራል። የእማማን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ ዓይኔን ከዚያች ቀዳዳ ሳልነቅል፣ ልክ መሐል ወንዝ ስንደርስ፣ ምራቁ ቀጠነ፣ ነጠብጣብ ሆነ፣ ቆመ። ለአባባ ነገርኩት። ወዲያው አጠፋውና በገመድ የታሰረውን ድንጋይ ወደ ውሃው ጣለ፣ ጀልባዋ ተንገዳግዳ ቆመች።

መጀመሪያ ውሃ የሚገባበትን ወንፊት በቀጭን ሽቦ ጠራረገው፣ ጭቃና የጤፍ ጭድ ወጣ፣ ደስ አለን፣ ቢያስነሳው ግን አሁንም ምራቅ የለም፣ የተቃጠለ ቀለም መሽተት ጀመረ። ከዚያ ሞተሩን ነቅሎ ወደ ውስጥ አስገባና የጋሽ ሰይድ ጆንያ ላይ አስተኛው፣ እሳቸውም በርበሬዬ ቤንዚን ቤንዚን ሲል ማን ሊገዛኝ ነው ብለው አጉረመረሙ፣ ማንም አልሳቀም። ብሎኖቹን እየፈታ በከንፈሩ ያዛቸው፣ የታችኛውን እግሩን ከፈተውና ውሃ የሚስበውን ጎማ አወጣ፣ እንደ ትንሽ አበባ ያለ ክብ ጎማ ነው፣ ጥርሶቹ ሁሉ ተቆራርጠው አልቀዋል። መለዋወጫ የለም። አባባ ጎማውን ለእኔ ወረወረልኝና ያለ ጎማ ይገጥመው ጀመር፣ ሐሳቡ ገብቶኛል፣ ትንሽ አስኪዶ ማጥፋት፣ በጣሳ ውሃ ማፍሰስ፣ እንደገና ትንሽ ማስኬድ። ከወዲያ ማዶ መኪናው ይታየኛል፣ ሰዎች ሸራውን እየጎተቱ ያስራሉ፣ ሊሄድ ነው።

ያን ጊዜ ክላክሱ ጮኸ።

አጭር አይደለም፣ ረጅም፣ ገደሉ እየተቀባበለ የመለሰው ድምፅ ነው። አባባ ቀና ብሎ ባትሪውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ በአገጩ እጅሽን አሳዪኝ አለኝ፣ ግራ እጄን አነሳሁለት፣ ሁለቱም ሽቦዎች እዚያው ናቸው። እመኑኝ፣ እንዳየ ፊቱ አመድ ሆነ፣ አባባን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ክላክሱ እንደገና ጮኸና ዝም አለ፣ ከእሱ ጋር ወንዙም ዝም ያለ መሰለኝ፣ የጀልባዋን ሆድ የሚመታው ውሃ እንኳ አይሰማም።

ከዚያ ሰው ተጣራ።

«ብርቄ!»

አሁን ይህን ስም ልንገራችሁ። የእማማ ስም አስካለ ነው፣ ካምፑ ውስጥ ሁሉም የሚጠራት በዚሁ ነው። ብርቄ በሠርጓ ቀን የአባባ እናት ያወጡላት ስም ነው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አገር ሙሽራ ከባሏ ቤት ስትገባ ስም ይወጣላታል፣ በዚያ የሚጠራት የባሏ ቤተሰብ ብቻ ነው። ቆላ ከወረድን ወዲህ ከእኛ ከሦስታችን በቀር ያን ስም የሚያውቅ አልነበረም፣ አባባም በእሱ የሚጠራት እኛው ብቻ ስንሆን ነው። የተጣራውም ድምፅ የአባባ ነው። የሚመስል አላልኩም፣ የራሱ የአባባ ነው፣ የመጨረሻዋን ፊደል ሳብ የሚያደርጋት ነገር እንኳ አልቀረም። አባባ ግን ፊት ለፊቴ ተንበርክኳል፣ ብሎኖቹ በከንፈሮቹ መሐል ናቸው።

እማማ ዓይኗን ገለጠች። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ያልለየ ዓይን ጠራ ብሎ ወደ ወንዙ ተመለከተ፣ ከንፈሯም ተላቀቀ። እኔ፣ ያቺ የምስቀዋ እኔ፣ ሽቦውን ጥዬ በሁለት እጄ አፏን ከደንኩት።

«እማማ፣ እንዳትዪ።»

«ብርቄ!»

ሁለተኛው ቀረብ ያለ ነበር። ጋሽ ሰይድ ቢስሚላህ ይላሉ፣ እኔ በስመ አብ እላለሁ፣ ከአባባ ከንፈር አንዷ ብሎን አምልጣ ውሃ ውስጥ ገባች፣ አላያትም። ሦስተኛውን ጠበቅን። እባክህ አንዴ ጥራ፣ ሰው ሁን፣ እያልኩ በልቤ ለመንኩ፣ እንዲህ ያለ ልመና ታውቃላችሁ? አልጠራም። በመዳፌ ውስጥ ግን የእማማ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ፣ ከዚያ ዓይኗን መልሳ ከደነች።

አባባ ሞተሩን እንዴት እንደገጠመው አላውቅም፣ ብቻ ገጠመው፣ ገመዱን ሳበው፣ ተነሣ። ጣሳዬን ሞልቼ ላፈስበት ስዘጋጅ ምራቁ መጣ። ጎማው ጭኔ ላይ ተቀምጧል፣ ውሃ የሚስብ ነገር ሆዱ ውስጥ የለም፣ ሞተሩ ግን ይተፋል፣ ያውም እንደ ድሮው ቀጭን አይደለም፣ የጣት ውፍረት አለው። ቀለሙን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። ጀማ ግራና ቀኙ ጭቃ ነው፣ ከሞተሩ የሚወጣው ውሃ ግን እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነበር። ጣቴን ሰደድኩ፣ ከጋለ ሞተር የሚወጣ ውሃ ለብ ማለት አለበት አይደል? አጥንት የሚሰብር ብርድ ነበረው። አባባም ነካው፣ እጁን በሱሪው ጠረገ።

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ጠበቀን። እማማን ሲያሳፍራት ሹፌሩ አባባን መውቀስ ጀመረ፣ ለመሄድ ፍሬን ለቅቄ ነበር፣ ክላክሱን ባልሰማ ኖሮ ጥዬህ ሄጄ ነበር አለው፣ ቀጥሎ ደግሞ እየሳቀ፣ ሰውዬ ሚስትህን አቅፈህ ይዘህ በዚያ ድምፅ የምትጠራት ብርቄ ሌላ ናት እንዴ ብሎ ተረበው። ጋሽ ሰይድ መንገዱን ሁሉ ሲምሉ ነበር፣ ጥሪው የመጣው ከተውነው ማዶ፣ ከኋላ ነው ብለው፣ እኔ የሰማሁት ግን ከፊት ነው፣ ሹፌሩ ደግሞ ከውሃው ላይ ነው አለ። አባባን ጠየቅሁት። ከገዛ አፌ የወጣ ነበር የሚመስለው አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም።

እማማ ዓለም ከተማ መርፌ ተወጋች፣ ዳነች፣ ይኸው አሁን ደህና ናት፣ ሥጋም ጨምራለች። አባባ አዲስ ጎማ አስመጥቶ ገጠመ፣ ሞተሩ ጭቃ ጭቃውን ውሃ እንደ ቀድሞው ይተፋል። ክላክሱን ፈታትቶ ሲያየው ውስጡ ያለው ሽቦ ድሮ ተቃጥሎ የተቆረጠ ነበር፣ ባትሪ ቢኖረው እንኳ ሊጮህ አይችልም፣ አየውና ከደነው፣ ምክንያት አለው አላለም።

እኔን ሌላ ነገር ነበር የሚበላኝ፣ ያ በመዳፌ ውስጥ የተንቀሳቀሰ ከንፈር። ጸሎት ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከረምኩ። እንግዲህ መኪናውን ያስቆመልን፣ ሞተሩንም ያቀዘቀዘልን ያው የተጣራው ነገር ከሆነ ደግ ነገር አይደል? እንዲህም እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ፣ ደግ ከሆነ ለምን በአባባ ድምፅ? ባለፈው እሑድ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ ፊቷን ስለማላይ ደፈርኩና ጠየቅኋት፣ እማማ ያን ቀን በእጄ ውስጥ ምን ነበር ያልሽው አልኳት። ጣቶቿ ፀጉሬ ላይ ቆም አሉ።

«ባሌ ጠርቶኝ ዝም ልል ኖሯል?» አለች፣ ሳቅ ባለ ድምፅ። «እመጣለሁ አልኩት። ልጄ ትንሽ ከፍ ትበል፣ ጥቂት ቆየኝ አልኩት።»

ለአባባ እንዳልነግረው አስምላኛለች፣ አልነገርኩትም። እሱም አሁንም ከደጅ ሆኖ ብርቄ ብሎ ይጠራታል፣ እሷም ጥሪውን ሳትቆጥር ወዲያው ብድግ ብላ ትወጣለች። እኔም የያዝኩትን ጥዬ እከተላታለሁ፣ ደጅ የቆመው ማን እንደሆነ ሳላይ አልመለስም።