ከፈረሰ ቤት የመጣው ቦይለር

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ሰምታችሁ ስትጨርሱ «ድሮም ልቧ ስስ ነበር» እንድትሉኝ አልፈልግም። ላምበረት መናኸሪያው አጠገብ መጋረጃ እሸጣለሁ፣ በሜትር የማይለካ ነገር ብዙም አይገባኝም፣ ቸርች እንኳ ሰው ተነስቶ ስላየው መንፈስ መመስከር ሲጀምር ሰዓታቸውን ከሚያዩት አንዷ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሕይወት «አንቺ እኮ መልአክ ቢመጣም ደረሰኝ ትጠይቂዋለሽ» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው፣ እጠይቀዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ይህችው ሕይወት ወለደች። ሁለት ጊዜ ከጨነገፈባት በኋላ ያገኘችው ወንድ ልጅ ነው፣ ያውም ከወሩ ቀድሞ የመጣ፣ ስታቅፉት ጨርቁን ብቻ የያዛችሁ የሚመስላችሁ ፍጥረት። የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ አራሷ እናቷ ቤት ነው የምትከርመው፣ እናታችን ስለሌለች ግን ወጉ ለእኔ ደረሰኝ፣ ባሏም ሥራው ሐዋሳ ስለሆነ የካ ተራራው ወገብ ላይ ወዳለችው ቤቴ አመጣኋት። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ ደጋግማ የነገረችን አንድ ነገር ነው፣ «የዚህ ልጅ ጠላቱ ብርድ ነው፣ ብርድ እንዳይመታው»። ክረምቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የእንጦጦ ጭጋግ ከባሕር ዛፉ መሐል ወርዶ መስኮታችን ሥር የሚቆምበት ጊዜ ነው።

በዚያው ሳምንት ቦይለሩ ተቃጠለ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፣ ታንከሩ ባዶ መሆኑን ሳላይ ቦይለሩን አብርቼ ወደ ሱቅ ሄድኩ፣ ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ያለ ሙቅ ውሃ አንድ ቀን ማደር አልፈለግሁም፣ በነጋታው መገናኛ ወረድኩ።

ቦይለር መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሻጭ «እህቴ፣ ኢንስታንቱን ውሰጂ፣ ውሃው ሲያልፍ ነው የሚያሞቀው» አለኝ፣ የሰፈራችን መብራት ግን እንኳን እሱን ሊሸከም ካውያ ሲሰካበትም ይርገበገባል። ሌላው በፀሐይ የሚሠራ አሳየኝ፣ በነሐሴ፣ እንጦጦ ሥር፣ ፀሐይ! ሳቄ አመለጠኝ። ሦስተኛው አዲስ ነው፣ ዋስትናም አለው፣ በጣቴ ሳንኳኳው ግን «ይሄማ የብስኩት ጣሳ ነው» ብዬ ተውኩት። ምን አለፋችሁ፣ የእኛ ሰው መቼም «የድሮ ዕቃ» ሲባል ልቡ ይቀልጣል፣ የእኔም ልብ ያው የአገሬ ልብ ነው።

ከላምበረት ጀርባ የፈረሱ ቤቶች በርና መስኮት፣ ቆርቆሮና የእጅ መታጠቢያ የሚሸጥበት ግቢ አለ። እዚያ ነው ያገኘሁት፣ ነጭ፣ ወፍራም፣ የጣሊያን ጽሑፍ ያለበት፣ ሲያንኳኩት ድምፁ ወደ ውስጥ የሚቀር። ቧንቧው ላይ ከነጠላ የተቀደደች ቁራጭ ጨርቅ ታስራበት ነበር፣ ቋጠሮዋ አንዱ ጆሮ ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ ጫፉ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ። ዕድሜዬን ከጨርቅ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንደዚያ ያለ አስተሳሰር ግን አይቼ አላውቅም።

«ከማን ቤት ነው የወጣው?» አልኩት ሻጩን።

«ከፈረሰ ቤት ነዋ፣ ማዘር።»

«እሱማ ገባኝ፣ የማን ቤት?»

«እኛ ጋ ዕቃው እንጂ ሰዉ አይመጣም» አለኝ፣ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ተከራክሬ ገዛሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሙላቱ የሚባል የሰፈራችን የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ሰቀለው፣ ያቺን ጨርቅም በጥሶ ጣላት። «እትዬ፣ ውሃው ተገናኝቷል፣ መብራቱን ግን እንዳይነኩት፣ ነገ ኤሌክትሪሻን ይዤ መጥቼ ነው የምንቀጥለው» አለኝና የሽቦዎቹን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልሎ፣ አንጠልጥሏቸው ሄደ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ሽቦው ከምንም ጋር አልተገናኘም፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

እሱ ሲወጣ ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ አራሷን ሊጠይቁ መጡ፣ ሲነሱም የሕይወት ትራስ ሥር ቢላዋ ሸጎጡ። «ብረት ይኑራት፣ ልጄ፣ ደግሞ አራስ ብቻዋን አትተውም፣ እንዳትተያት» አሉኝ። እሺ ብዬ ሸኘኋቸውና ቢላዋውን አውጥቼ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ልጁን ይወጋብናል፣ ደግሞስ እኛ በዚህ መቼ እናምናለን? ብቻዋን አለመተዉን ግን ላከብር አስቤ ነበር፣ እመኑኝ።

ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጠፍኩ ሳለሁ ከመታጠቢያ ቤት ድምፅ ሰማሁ፣ ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ብረት ሲሞቅ የሚያሰማው ዓይነት። ሕይወትም ከመኝታ ቤት «እታለም፣ ቀጠልሽው እንዴ?» አለችኝ። «አልቀጠልኩም፣ ቧንቧው ነው» አልኳት፣ ተነስቼም አየሁ፣ ሽቦው እንደተንጠለጠለ ነው፣ መስታወቱ ግን እንፋሎት ለብሷል። ጭጋግ ነው አልኩ። ጭጋጉ መስኮቱ ተዘግቶ በየት ገባ ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም፣ በእጄ ጠርጌው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ግን መቀመጥ አቃተኝ፣ ያጠፍኩትን ልብስ ሳይታወቀኝ መልሼ እዘረጋ ጀመር።

አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ፣ ብርዱ ወዲያው ነው የገባው፣ ልጁም ማልቀስ ጀመረ። ሻይ እንኳ ላፈላ ብል ጋዙ አልቋል፣ ቤት ውስጥ አንድ ፍሬ ከሰል የለም። ሕይወት ልጁን አቅፋ ሲያሸልባት፣ ከሰል ቤቱ እዚሁ ታች ነው፣ ምን ይሆናሉ ብዬ በሩን ከውጭ ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወረድኩ። ስመለስ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል፣ ዳገቱን በእጄ ግድግዳ እየዳበስኩ ነው የወጣሁት፣ ልቤ ሩጪ ሩጪ ይለኛል።

በሩ እንደቆለፍኩት ነው። ስከፍተው ቤቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ ያውም የእኛ ያልሆነ፣ የድሮ የሽቶ ሳሙና። ሻማ ለኩሼ ገባሁ። ልጁ ታጥቧል። ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ ተበጥሯል፣ ጉንጩ ቀልቷል፣ በሙቀት ተኝቷል፣ መጠቅለያውም ደረቱ ላይ ታስሯል፣ አንዱ ጆሮ ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ።

ሕይወት ዓይኗን ሳትገልጥ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለም» አለችኝ፣ «ልጅ ማጠብ የት ነው የተማርሽው? ዝም አለልሽ እኮ። ስታንጎራጉሪለት እኔንም እንቅልፍ ወሰደኝ። ነገ አስተሳሰሩን ታሳይኛለሽ።»

ሻማውን ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ለብ ያለ ነው። ቦይለሩን ነካሁት፣ አቃጠለኝ፣ ጣቴ ላይ ውሃ ቋጠረ፣ ምልክቱ ዛሬም አለ። ሽቦው ያው ተንጠልጥሏል፣ መብራትም በሰፈሩ የለም። ሻማውን ዝቅ ሳደርግ መሬቱ ላይ የባዶ እግር ዳና አየሁ፣ እርጥብ፣ የትልቅ ሰው፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ተነስቶ አልጋው ድረስ የሄደ። የተመለሰ ዳና ፈለግሁ፣ አልጋውን ዞርኩት፣ ወለሉን ሁሉ ዳበስኩት፣ የተመለሰ የለም።

ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አራስ ግን ከደነገጠች ወተቷ ይደርቃል ይባላል፣ ያ ልጅ ደግሞ ከእናቱ ወተት ሌላ ምን ተስፋ አለው? ስለዚህ «ታዲያ ማን አለሽ፣ እኔ ነኝ እንጂ» አልኳት፣ ቢላዋውን ከመሳቢያው አምጥቼ ትራሷ ሥር መለስኩት፣ ከዚያም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አደርኩ። ሙላቱ በማግስቱ ያመጣው ኤሌክትሪሻን የቦይለሩን ሆድ ከፍቶ አየና «እትዬ፣ ይሄ ሬዚስታንስ የለውም፣ ውሃ የሚያሞቀው ነገር ወልቆ ወጥቷል፣ የገዙት በርሜል ነው» አለኝ። አስወርጄ ጓሮ ቆርቆሮ ሥር አስቀመጥኩት፣ መገናኛ ሄጄም ያንን የብስኩት ጣሳ ገዛሁ፣ ይሠራል፣ ምንም አይልም።

ልጁ ወፈረ፣ ሕይወትም አራስነቷን ጨርሳ በባሏ መኪና እዚሁ ከተማ ወዳለው ቤቷ ገባች። ያን ቀን እኔ ሱቅ ነበርኩ፣ ማታ ስገባ ቆርቆሮው ሥር ምንም የለም። ደወልኩላት። «ባለቤቴ ነው የጫነው፣ የጣሊያን ኦሪጅናል እኮ ነው፣ ሬዚስታንስ ብቻ እናስገባለታለን» አለችኝ። «አይረባም፣ ጣሉት» አልኳት። «ምነው እታለም፣ ልትሸጭው ነበር እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ፣ እውነቱን እንዳልነግራት ደግሞ ያጠበው እኔ ነኝ ብያታለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጋረጃ እየለካሁ ስልኬ ጠራ፣ ሕይወት ናት።

«እታለም፣ ትናንት አመሻሽ መጥተሽ ልጁን አጥበሽልኝ፣ ሳትቀሰቅሽኝ ምነው ሄድሽ? እሱ ሐዋሳ ነው፣ አብረሽኝ ባደርሽ። ደግሞ ውሃውን በምን አሞቅሽው? ቦይለሩ ገና መሬት ላይ ነው። ቁልፍ እንዳለሽም ረስቼው ነበር።»

እኔ የሕይወት ቤት ቁልፍ የለኝም።

«ተኝተሽ ስለነበር ነው» አልኳት።

«ዛሬም ትመጫለሽ?»

«እየመጣሁ ነው። እስክደርስ ልጁን ከእቅፍሽ እንዳታወርጂ።»

«ምነው?»

«ብርድ ነው» አልኳት።

ደንበኛዬን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘኋት፣ የጨርቅ መቁረጫውን ትልቁን መቀስ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሱቁን ዘጋሁ።